ጅምላ ወይስ የዕለት? በድሬዳዋ ሙቀት የቤት ወጪ ሲመረጥ

ስለ ቁጠባ የምንሰማው ምክር አብዛኛው የደጋ ሰው ምክር ነው። «በብዛት ግዙ፣ ይረክስላችኋል» ይላል። ድሬ ላይ ግን በርካሽ የተገዛ ሃያ ኪሎ ድንች ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ማቆጥቆጥ ይጀምራል። ከሥር ያለው ደግሞ ይሸታል። ቅናሹም አብሮት ይሄዳል።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ግንቦትና ሰኔ ላይ የቀን ሙቀት 35 ዲግሪ ቢደርስ ማንም አይገርመውም። ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም ወደ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚያ የሚሠራ ምክር እዚህ ሊከስር ይችላል። ስለዚህ ሁለት አማራጭ ስናወዳድር «ስንት ተከፈለ?» ብቻ አይበቃም። «ስንቱ ሆድ ገባ?» ማለት አለብን።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ኪሎው 100 ብር የሆነ ነገር በጅምላ 80 ብር አገኛችሁ እንበል። 10 ኪሎ ገዝታችሁ 800 ብር ከፈላችሁ። ሦስቱ ኪሎ ከተበላሸ የበላችሁት ሰባት ነው። አንዱ ኪሎ ወደ 114 ብር መጣባችሁ ማለት ነው። ሁለት ኪሎ ቢበላሽ እንኳ ትርፉ ዜሮ ነው፤ ከቀፊራ ገበያ እስከ ቤት የተሸከማችሁበት ድካም ሳይቆጠር።

ከዚህ በኋላ የብር ዋጋ አልጠቅስም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ የሚቆም ነገር አይደለም። በኪሎ፣ በቀንና በኪሎዋት ሰዓት ብናወራ ይሻላል።

የሚከማችና የማይከማች

ጤፍ በኩንታል ይገዛ። ገንዘቡ ካለ እዚህ ላይ ጅምላው ያሸንፋል። የጤፍ ፍሬ በጣም ትንሽ ስለሆነች ነቀዝ እምብዛም አይደፍራትም። ደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ እንጨት ላይ ከተቀመጠ ወራት ይቆያል።

ማሽላና በቆሎ ግን ሌላ ታሪክ ናቸው። ነቀዝ ሙቀት ይወዳል። ደጋ ላይ ቀስ ብሎ የሚራባው እዚህ ይቸኩላል። ሐረርጌ የማሽላ አገር ስለሆነ ማሽላ ከጤፍ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ያ ርካሽነት ሰውን ኩንታል ያስገዛዋል። የእኔ ምርጫ የአንድ ወር ወይም ቢበዛ የሁለት ወር ቀለብ ነው። ከዚያ በላይ ማከማቸት የፈለገ አየር የማያስገባውን ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ይግዛ። አየሩ ሲያልቅ ነቀዙም ያልቃል። ባቄላ፣ ሽምብራና አተርም እንደዚያው ናቸው። ሽሮና በርበሬ በደንብ ደርቀው ከተፈጩና ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ ከተቀመጡ ችግር የለባቸውም።

ሽንኩርት ሰው የማይጠብቀው ነው። ብዙ ሰው ቅዝቃዜ የሚፈልግ ይመስለዋል። እንዲያውም ደረቅ ሽንኩርት 25 እና 30 ዲግሪ ላይ፣ አየር እያገኘ፣ ጥሩ ይቀመጣል። ጠላቱ ርጥበት ነው። በመረብ ከረጢት በረንዳ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ይሰቀል። ስለዚህ ቀይ ሽንኩርት ሲረክስ በብዛት መግዛት ድሬ ላይም ያዋጣል። ድንች በተቃራኒው ጨለማና ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ሁለቱንም ከእኛ ቤት አያገኝም። የሳምንት ይበቃል። ሁለቱን አንድ ከረጢት ውስጥ አታስቀምጡ፤ ከድንቹ የሚወጣው ርጥበት ሽንኩርቱን ያበላሸዋል።

ቲማቲም የሁለት ቀን ነው። አንድ መላ ግን አለ። ስትገዙ ግማሹን የበሰለ፣ ግማሹን ገና አረንጓዴ ያለበት ምረጡ። የመጀመሪያው ዛሬና ነገ ወጥ ውስጥ ይገባል፤ ሁለተኛው በተራው ይቀላል። በጣም ሲረክስ ደግሞ ቆርጦ ጨው ነስንሶ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ነው። የድሬ ፀሐይ የምታባክነውን ያህል ትክሳለች፤ አዲስ አበባ ክረምት ላይ ይህን ሞክሩት ብላችሁ ማንንም አትምከሩ።

ዘይት በሃያ ሊትር ጀሪካን መግዛት ትልቅ ቤተሰብ ላለው ብቻ ነው። ዘይት በሙቀትና በብርሃን ይበላሻል፤ ሽታው ይቀየራል። አራት አምስት ሰው ላለበት ቤት አምስት ሊትሩ፣ ያውም ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ትክክለኛው ልክ ነው።

ቀፊራ፣ ጉሊት ወይስ ሸማቾች?

ቀፊራ ርካሽ ነው፤ ይህ አያከራክርም። ጥያቄው ከየት ተነስታችሁ ነው የሚለው ነው። መጋላ ለሚኖር ሰው ቀፊራ የእግር መንገድ ነው። ከሳቢያን ለሚነሳ ግን የባጃጅ ደርሶ መልስ አለ፤ ሲመለስ ደግሞ ዕቃ ይዞ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ኮንትራት ይሆናል። የባጃጁን ሒሳብ ለኪሎዎቹ አካፍሉት። ሦስት ኪሎ ቲማቲም ለመግዛት ከሆነ የሰፈር ጉሊት ያሸንፋል። የሳምንት ሽንኩርት፣ ድንች፣ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ አንድ ላይ ከሆነ ቀፊራ ያሸንፋል። ጎረቤት ካለ ደግሞ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ ባጃጁ ይካፈላል።

ጉሊት ላይ የሚያታልለው መደቡ ነው። መደብ ኪሎ አይደለም። ዋጋው ባለበት ቆሞ መደቡ ሊያንስ ይችላል፤ ዓይን ደግሞ አያየውም። አንድ ቀን የገዛችሁትን ይዛችሁ ሚዛን ያለው ሱቅ ጎራ በሉና መዝኑት። ከዚያ በኋላ መደብ ስታዩ ኪሎው ይታያችኋል።

ሰዓቱም ዋጋ አለው። ጠዋት ምርጡ ዕቃ አለ፤ ዋጋውም የጠዋት ነው። ከሰዓት ከተማዋ ጋደም ስለምትል ገበያው ይፈዛል። አመሻሽ ላይ፣ በተለይ ቅጠላ ቅጠልና ቲማቲም የያዘች ሻጭ ለነገ ማሳደር አትፈልግም፤ ሙቀቱ እሷንም ይጎዳታል። «እናቴ፣ የቀረውን ልጨርስልሽ፣ ስንት ትይኛለሽ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ግን በዚያ ሰዓት የተገዛ ለዚያው ማታ ነው። ለነገ የሚሆን ጠዋት ይገዛ።

የሸማቾች ማኅበር ሱቅ ለዘይትና ለስኳር ነው። ሲኖር ከመደብሩ ይረክሳል፤ ችግሩ ሲኖር የሚለው ላይ ነው። ተራው ግማሽ ቀን የሚበላ ከሆነና የቀን ሥራ ያላችሁ ሰዎች ከሆናችሁ፣ የቀረባችሁን ገቢ ከቅናሹ ቀንሱ። ጡረታ የወጡ አባት ወይም እናት ቤት ውስጥ ካሉ ግን ይህ ሒሳብ ይቀየራል። ለእነሱ ወረፋው ወሬም ነው።

አትክልቱ ወደ እኛ የሚወርደው ከላይ፣ ከሐረማያና ከሐረርጌዋ ኮምቦልቻ አካባቢ በደንገጎ በኩል ነው። «ታዲያ ሄጄ ከምንጩ ብገዛስ?» ለሚል፦ ለዚህ ብሎ መሄድ አያዋጣም። ሐረር ለዘመድ ጥየቃ የወጣ ሰው ሲመለስ ድንችና ጥቅል ጎመን ቢያመጣ ግን ብልህ ነው። ለታኅሣሥ 19 ወይም ለሐምሌ 19 ቁልቢ የሚሳለም ሰውም ባዶ እጁን ባይመለስ ጥሩ ነው፤ መኪናው ውስጥ ቦታ ካገኘ።

እንጀራ፦ መግዛት፣ መጋገር፣ መቀላቀል

ይህ ትልቁ ወጪ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

መጀመሪያ እህሉ። ንጹሕ ጤፍ ውድ ነው፤ ግን በማግስቱም ለስላሳ ነው። ንጹሕ ማሽላ ርካሽ ነው፤ ትኩሱ ግሩም ነው፤ በማግስቱ ግን ይደርቃል፣ ይሰባበራል። የማሽላ እንጀራ ሦስት ቀን አስቀምጦ መብላት የፈለገ ሰው ግማሹን ለዶሮ ይሰጣል። ስለዚህ ማሽላ የሚያዋጣው በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ለሚጋግር ቤት ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሚጋግር ቅልቅሉ ይሻላል። እኔ ሁለት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ማሽላ የሚለውን እመርጣለሁ፤ ልስላሴው ሁለት ቀን ይይዛል፣ ወጪው ይቀንሳል። ሩዝ የሚቀላቅሉም አሉ። እንጀራው ያምራል፤ ግን ሩዙ ራሱ ርካሽ በሆነበት ወቅት ብቻ ነው ትርጉም ያለው።

ሙቀቱ እዚህም እጁን ያስገባል። ደጋ ላይ ሊጥ ሦስትና አራት ቀን ይጠብቃል። እዚህ ቶሎ ይቦካል፤ ከዘገያችሁ ይኮመጥጣል። የተጋገረውም ቶሎ ይሻግታል። ስለዚህ «አንዴ ብዙ ጋግሬ ሳምንቱን ልለፍ» የሚለው የደጋ ዘዴ አይሠራም።

ይህ ደግሞ ከምጣዱ ጋር ያጋጨናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ነጥብ 5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ቤት ውስጥ ካለው ሁሉ ትልቁ ሆዳም እሱ ነው። ለሁለት ሰዓት ከሠራ ሰባት ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ሄደ። ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያው ማሞቂያ ጊዜ አንድም እንጀራ ሳይወጣበት የሚያልፍ ነው። አምስት እንጀራ ለመጋገር ምጣድ ማሞቅ ስለዚህ ውድ ነው። ሃያ መጋገር ርካሽ ነው፤ ግን ሃያው ሳይበላ ይሻግታል። ይህን ቋጠሮ የሚፈታው ጎረቤት ነው። ሁለት ቤት በአንድ ምጣድ፣ ተከታትለው ሊጣቸውን ይዘው ይምጡ። አንዷ ስትጨርስ ምጣዱ ሳይቀዘቅዝ ሌላዋ ትቀጥላለች። የመብራት ሒሳቡ ላይ አስቀድሞ መነጋገር ነው እንጂ ሌላ ችግር የለውም።

ለአንድና ለሁለት ሰው የምመክረው ግን አንድ ብቻ ነው፦ ግዙ። በቀን ሦስት አራት እንጀራ የሚበላ ቤት ምጣድ፣ መብራት፣ ቦታና ሰዓት ሲያወጣ ትርፍ የለውም። ከአንዲት እንጀራ ጋጋሪ ጋር በቋሚነት ተስማሙ፤ ቋሚ ደንበኛ መጠኑ አይቀነስበትም። አራት ሰውና ከዚያ በላይ ሲሆን መጋገሩ እየበለጠ ይሄዳል።

የተረፈውስ? ከመሻገቱ በፊት ቆራርጦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። የድሬ ፀሐይ በአንድ ቀን ድርቆሽ ታደርገዋለች። ድርቆሽ ያለበት ቤት ወር መጨረሻ ላይ ቁርስ አያሳስበውም።

ሥጋና ወተት

ቅርጫ ከሉካንዳ ቤት ኪሎ ይረክሳል፤ ሁሉም ያውቀዋል። የሚረሳው አንድ ቅርጫ በአንድ ጊዜ ብዙ ኪሎ እንደሚያሸክም ነው። ፍሪዘር ለሌለው ሰው ያ ሥጋ የአንድ ቀን ዕድሜ አለው። ስለዚህ ቅርጫ ስትገቡ የቋንጣ ገመዱን አብራችሁ አዘጋጁ። ለወጥና ለጥብስ የሚሆነውን አስቀሩ፣ ሌላውን በዕለቱ ዘልዝላችሁ በርበሬና ጨው አስነክታችሁ ስቀሉ። ደረቅ ሙቀት ለቋንጣ ተስማሚ ነው። ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሲመጣ፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ የማትሠሩ ከሆነ ቅርጫው ይቅር፤ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከሉካንዳ መግዛት ይረክሳችኋል። ለሁለት ቤት አንድ ፍየል መካፈልም መካከለኛ መንገድ ነው።

ወተት ላይ ሦስት አማራጭ አለን። የላም ወተት ጠዋት ገዝቶ ወዲያው ማፍላት፤ ካልሆነ እስከ ማታ ይረጋል። የግመል ወተት ከሽንሌ በኩል የሚመጡ እናቶች ይሸጣሉ፤ በተፈጥሮው ከላም ወተት ዘግይቶ ነው የሚበላሸው፣ ዕቃውም በጭስ የታጠነ ስለሆነ ይበልጥ ይቆያል። እሱም ቢሆን መፍላት አለበት። የዱቄት ወተት በሊትር ሲሰላ ይወደዳል፤ ግን የምትጠጡትን ብቻ ነው የምትበጠብጡት። ፍሪጅ የሌለውና በቀን አንድ ሁለት ስኒ ሻይ በወተት ብቻ የሚጠጣ ሰው ዱቄቱን ቢይዝ አይከስርም። ልጆች ያሉበት ቤት ትኩሱን ይግዛ።

እሳቱ

ከሰል በማዳበሪያ ሲገዛ ከችርቻሮው ይረክሳል፤ ከሰል አይበላሽም፣ ደረቅ ይሁን ብቻ። ይህ ጅምላ የሚያሸንፍበት ቦታ ነው። ግን ከሰልን ከመብራት ጋር ስታወዳድሩ ሙቀቱንም ቁጠሩ። ደጋ ላይ የከሰል ምድጃ ቤት ያሞቃል፤ እዚህ ቤት ያሞቀ ምድጃ ማራገቢያ ያስነሳል። ደግሞ በዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል መርዝ ነው። ስለዚህ ከሰል የግቢና የበረንዳ ነው። ለቡናና ረጅም ሰዓት ለሚንተከተክ ነገር ይሁን። ምድጃው ላቀች የሚባለው ዓይነት ከሆነ ከቆርቆሮው ምድጃ ያነሰ ከሰል ይበላል።

ለቶሎ ቶሎው፣ ለእንቁላል፣ ለሻይ፣ ለሩዝ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይሻላል። ታሪፉ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲጨምር ተደርጓል። ፍጆታችሁ ከፍ ሲል የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ስለዚህ ሁሉን ነገር ወደ መብራት ማዞርም ጥበብ አይደለም። ጋዝ ሲገኝ ንጹሕና ፈጣን ነው፤ ሲጠፋ ግን ሲሊንደሩ ጌጥ ሆኖ ይቀመጣል። ጋዝ ብቻውን የያዘ ቤት ተጠባባቂ ያስፈልገዋል።

የትኛውንም ብትመርጡ ባቄላና ሽምብራ ሳይነከር አይቀቀል። አዳር የተነከረ ጥራጥሬ የሚፈጀው እሳት በጣም ያነሰ ነው።

ፍሪጅ፣ ጋን፣ ማራገቢያ

ፍሪጅ ድሬ ላይ ቅንጦት አይደለም፤ ግን ለምን እንደሚገዛ ማወቅ ይገባል። ሥጋ፣ ወተትና የተረፈ ወጥ የሚያድርበት ከሆነ ራሱን ይከፍላል። ውኃ ለማቀዝቀዝ ብቻ ከሆነ አይከፍልም። ለውኃ የሸክላ ጋን አለ። ላቡ በሸክላው ላይ ሲተን ውኃው ይቀዘቅዛል፤ አየሩ በደረቀ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይቀመጥ፣ ክዳኑ አይረሳ። በነገራችን ላይ የሚከማች ውኃ ሁሉ፣ በርሜሉም ሮቶውም፣ ይከደን። ደንጊ በ2006 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኝ ሆኖ የመጣው በቤት ውኃ ውስጥ በምትራባ ትንኝ ነው። አንድ ቀን ሐኪም ቤት መዋል የዓመት ቁጠባ ይበላል።

ሁለተኛ እጅ ፍሪጅ የምትገዙ ከሆነ የበሩን ጎማ ፈትሹ። ወረቀት አስገብታችሁ በሩን ዝጉ፤ ወረቀቱ ያለ ትግል ከወጣ ቅዝቃዜውም እንዲሁ ይወጣል። ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ፣ ከምድጃው አጠገብ ሳይሆን፣ አስቀምጡት።

ማራገቢያ ወይስ ኤሲ? የጣሪያ ማራገቢያ 75 ዋት ቢስብ ነው። ስምንት ሰዓት ሲዞር ከ1 ኪሎዋት ሰዓት በታች ይፈጃል። ትንሹ ኤሲ ለተመሳሳይ ሌሊት ከ5 እስከ 8 ኪሎዋት ሰዓት ሊበላ ይችላል። የአንድ ሌሊት ኤሲ የአስር ሌሊት ገደማ ማራገቢያ ነው። እኔ ማራገቢያውን፣ አጎበሩንና ግቢ ውስጥ መተኛቱን እመርጣለሁ። ሕፃን ወይም የታመመ ሰው ባለበት ቤት ግን ይህን ክርክር አላነሳም።

የተረፉ ጥቃቅኖች

ፉል፦ ለአንድና ለሁለት ሰው መጋላ መግዛቱ ይረክሳል፤ ባቄላ ለሰዓታት መቀቀል ለሁለት ሳህን አያዋጣም። ለአምስት ሰው ቤት ውስጥ ይሠራ።

ባጃጅ፦ በሰው የሚጭነውን ያዙ። ኮንትራት ዕቃ ሲኖርና ሲመሽ ብቻ።

ስለ ጫት አልናገርም፤ አቦ ከሰው ጋር አታጣሉኝ። አጃቢዎቹን ግን ቁጠሩ። የታሸገ ውኃ፣ ለስላሳ፣ ኦቾሎኒው በትንንሽ ፌስታል። የባቢሌ ኦቾሎኒ በኪሎ ገዝቶ ቤት መቁላት፣ ሻዩን በፔርሙስ መያዝ። ብዙ ቤት ውስጥ የአጃቢው ወጪ ከተጃቢው ብዙም አይርቅም።

የውኃ ማፍያው ደግሞ እዚህ አገር ነጭ ድንጋይ ያበቅላል፤ የጉድጓድ ውኃችን ኖራ አለበት። ያ ቅርፊት ሙቀቱን ይከለክላል፣ መብራቱ ይረዝማል። አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ሎሚ ጭመቁበትና በውኃ አፍልታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ቅርፊቱ በማንኪያ ጫፍ ይነሳል።